ቀላል ዘንግ ለትንሽ ውኃ

አዲሱ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጌ 100 ግራም አይሞላም። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ30 ገደማ ሲሆን አራት ቦታ ይነቃቀልና በትከሻ በሚንጠለጠል ቀጭን ከረጢት ውስጥ ይገባል። ባለፈው ጸደይ ታናሽ ወንድሜ ለልደቴ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ትልቁ ዘንጌ አብዛኛውን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ነው የከረመው። ሆስፒታል አድራ የወጣች ነርስ እንቅልፏን ትታ ካያክ የምትባለውን ትንሽ ጀልባዋን መኪና ላይ ጭና ወደ ኩሬ የምትሄድበት ምክንያት ለሥራ ባልደረቦቼ አይገባቸውም። እኔ ደግሞ ማስረዳት አይሰለቸኝም። ስለ ዓሣ ማጥመድ ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆን እንኳ፣ ይህ ደስታ ከየት እንደሚመጣ ቢረዳልኝ ደስ ይለኛል።

ከዘዴው ልጀምር። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ማጥመጃ ጫፉ ላይ እርሳስ ወይም ከበድ ያለ ማባበያ የታሰረበት ነው። ሲወረወር ክብደቱ ይቀድማል፣ ክሩ ይከተላል። እኔ የማጠምድበት ዘዴ፣ ፍላይ ፊሺንግ፣ የዚህ ተቃራኒ ነው። መንጠቆው ላይ የሚታሰረው ከላባ፣ ከጸጉርና ከክር የተሠራ ዝንብ መሳይ ነገር ነው። ክብደት የሚባል ስለሌለው ብቻውን ቢወረውሩት እግር ሥር ይወድቃል። ስለዚህ የሚወረወረው ክሩ ራሱ ነው። ክሩ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ወፈር ያለና ክብደት ያለው ነው። ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሳብ ክሩ ከጀርባ በአየር ላይ ይዘረጋል። ተዘርግቶ ሳያበቃ ወደ ፊት ከመጡ ኃይል አይኖረውም፤ ቆም ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ዘንጉ ወደ ፊት ሲነዳ በክሩ ክብደት ይጎብጣል፣ ሲቃና ደግሞ ክሩን ያስወነጭፈዋል። ዝንቧ በመጨረሻው ስስ ክር እየተጎተተች ትሄድና ውኃው ላይ ታርፋለች።

ዘንግ ቀላል ወይም ከባድ የሚባለው በሚሸከመው ክር ነው። የክሩ የመጀመሪያ 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህሉ፣ ይመዘንና ቁጥር ይሰጠዋል፤ ዘንጉ ላይም ያው ቁጥር ይጻፍበታል። ቁጥር 8 ክር በዚያ ርዝመት 13.6 ግራም ይመዝናል፤ ለባሕር ዓሣና ለትልልቅ ማባበያ የሚሆነው እሱ ነው። ሱቅ ገብቶ «ለጀማሪ የሚሆን» ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር 5 ይሰጠዋል። የእኔ አዲሱ ዘንግ ቁጥር 3 ነው፤ ክሩ 6.5 ግራም ይመዝናል። የቀድሞው ቁጥር 7 ነበር። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ሲነበብ ጥቂት ግራም ነው። ዓሣ የያዘ ጊዜ ግን ቁጥር 7ቱ ዘንግ ጫፉን ነቅነቅ አድርጎ ዝም ይላል፤ ቁጥር 3ቱ እስከ እጀታው ድረስ ይጎብጣል። ዘንጉ ከጎበጠ ዓሣው የሚያደርገው ሁሉ፣ ጭንቅላቱን ማወዛወዙ፣ አቅጣጫ መለወጡ፣ ወደ ታች መጥለቁ፣ አንድ በአንድ መዳፍ ላይ ይደርሳል።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነብኝ? የእኔ ውኃዎች ትንንሽ ስለሆኑ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን ባለው የሞንጎመሪ ካውንቲ ነው። እዚህ አዲስ መንደር ሲሠራ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት ኩሬ አብሮ ይቆፈራል፤ በየፓርኩም ትንንሽ ሐይቆች አሉ። ከእነዚህ ሁሉ የምወደው ቦይድስ አጠገብ፣ ብላክ ሂል ፓርክ ውስጥ ያለው ሊትል ሴኔካ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 505 ኤከር፣ ወደ 200 ሄክታር ገደማ ነው። የተሠራውም ድርቅ ሆኖ የፖቶማክ ወንዝ ሲቀንስ ለዋሽንግተን አካባቢ መጠባበቂያ ውኃ እንዲሆን ነው። በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ስለተከለከለበት የሚሰማው የወፍና የመቅዘፊያ ድምፅ ነው። ዳር ዳሩን ግራና ቀኝ የሚገቡ ጠባብ ሰርጦች አሉ፤ በውኃ የተዋጡ የዛፍ ግንዶችም እዚያው ቆመዋል። ካያክ ለእነዚህ ሰርጦች የተሠራ ይመስለኛል።

በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ብሉጊል ነው። መጽሔቶች ሽፋናቸው ላይ አያወጡትም። መዳፍ የሚያህል፣ ጠፍጣፋ፣ ከጉንጩ ሥር ሰማያዊ የሚያበራ ዓሣ ነው፤ በስንጥቡ ክዳን ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። በመራቢያው ወቅት የወንዱ ደረት ብርቱካናማ ይሆናል። የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው ብሉጊል እ.ኤ.አ. በ1950 አላባማ ውስጥ የተያዘ ሲሆን የመዘነው 2 ኪሎ ከ150 ግራም ገደማ ነው። እኔ የምይዛቸው ከዚያ አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆኑ ነው። በቁጥር 7 ዘንግ እንዲህ ያለ ዓሣ ያለ ትግል ተጎትቶ ይመጣል። በቁጥር 3 ግን ጠፍጣፋ ጎኑን ለውኃው ሰጥቶ ክብ እየሠራ ይታገላል፤ ክብደቱንና ጉልበቱን ያነጻጸረ ሰው ይገረማል።

አያያዙን ቀረብ ብዬ ላሳይ። ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ፣ ውኃው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ፣ ወንዶቹ ብሉጊሎች ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ጎጆ ይሠራሉ። በጅራታቸው ጭቃውን ጠርገው ክብ ጉድጓድ ያወጣሉ፤ አንዱ ከሌላው አጠገብ፣ ሰፈር መሥርተው። ፀሐይ ከጀርባ ሆና በጨለመ መነጽር ሲታዩ ጥርት ያሉ ክብ ክብ ነጭ ቦታዎች ናቸው። እኔ 10 ሜትር ያህል ርቄ ካያኬን አቆማለሁ። ፖፐር የምትባለውን፣ ከቡሽ ወይም ከፎም የተሠራች፣ የላስቲክ እግሮች ያሏትን ተንሳፋፊ ማባበያ ከሰፈሩ ጫፍ ላይ አሳርፋታለሁ። ስታርፍ በዙሪያዋ የውኃ ቀለበት ይነሳል። ያ ቀለበት ሰፍቶ ሰፍቶ እስኪጠፋ ድረስ ክሩን አልነካም። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ቀለበቱ ከጠፋ በኋላ ክሩን በጣት አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ ሳደርግ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ። ያኔ ከሥር አንድ ጥላ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ከፖፐሯ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ያያታል። ከዚያ ከንፈር እንደ መምጠጥ ያለ ድምፅ ይሰማና ፖፐሯ ትጠፋለች።

አፉ ትንሽ ስለሆነ መንጠቆውም ትንሽ መሆን አለበት፤ ቁጥር 10 ወይም 12 ይበቃል። የመንጠቆውን እሾህ ከመነሻው በፒንሳ ጨፍልቄ አስተኛለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ዓሣው ሳይቆስል ይወጣል። መንጠቆ ለማውጣት ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት መሣሪያ እኔ ሥራ ቦታ በየቀኑ የማየው ሄሞስታት ነው፤ ቀዶ ሐኪም የደም ሥር የሚቆነጥጥበት ያው መሣሪያ የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ውስጥም ይሸጣል። ዓሣውን ከመንካቴ በፊት እጄን አርሳለሁ፣ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚከላከልለትን ንፍጥ ይገፈዋልና። ከራሱ ጀምሬ ወደ ጅራቱ በመዳፌ ስዳብስ የጀርባው እሾሆች ይተኛሉ። ተቃራኒውን ያደረገ እጁን ይወጋል።

ይህ ነገር የዛሬ ዘመን ቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ፣ ታሪኩ ሩቅ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያን ከክርስቶስ ልደት በኋላ 200 ዓ.ም. አካባቢ ሲጽፍ፣ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ከአውራ ዶሮ አንገት ሥር የተነቀሉ ሁለት ላባዎች አስረው ዓሣ እንደሚያጠምዱ አስፍሯል። ዘንጋቸው ስድስት ጫማ፣ ክራቸውም ያንኑ ያህል ነበር። ያ ዘንግ ከእኔ አዲሱ ዘንግ በ45 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚያጥረው።

የዘንጉ ቁስ ግን ብዙ ተለዋውጧል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ የተከበሩት ዘንጎች ከቀርከሃ የሚሠሩት ነበሩ፤ ቀርከሃው ወደ ስድስት ቀጫጭን ስንጣሪ ይሰነጠቅና ስንጣሪዎቹ ተገጣጥመው ይጣበቃሉ። ምርጡ ቀርከሃ ከደቡብ ቻይና ይመጣ ነበር። የእኛ ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት በኮሪያ ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1950 መጨረሻ፣ አሜሪካ ከቻይና ጋር የነበራትን ንግድ ስታቋርጥ ቀርከሃውም ቀረ። ያኔ ፋይበር ግላስ ቦታውን ወሰደ፤ ርካሽ ነው፣ አይበሰብስም፣ ማንም ይገዛዋል። በ1960ዎቹ እንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ ውስጥ የተሻሻለው ካርቦን ፋይበር ደግሞ ለአውሮፕላን ታስቦ የተሠራ ነበር፤ በ1973 ፌንዊክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከእሱ ዘንግ ሠርቶ አወጣ። ካርቦን ቀላል፣ ግትርና ፈጣን ነው፤ ክር ሩቅ ይወረውራል። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው አብዛኛው ዘንግ ካርቦን ነው።

የእኔ ግን ፋይበር ግላስ ነው፤ ወንድሜ አውቆ የመረጠልኝ። ፋይበር ግላስ ሲወረወር ዝግ ይላል፣ ከመሐሉ ጀምሮ ይጎብጣል፣ ትንሽ ክር ብቻ ከጫፉ ወጥቶ እንኳ ይሠራል። ፈጣን የካርቦን ዘንግ ብዙ ክር በአየር ላይ ካልያዘ ደስ አይለውም። ኩሬ ላይ ግን ያን ያህል ክር ማን ይፈልጋል? ዓሣው ያለው ከካያኩ አፍንጫ 7 ወይም 8 ሜትር ርቆ፣ ከቅርንጫፍ ሥር ነው። ሱቆች ርቀት ይሸጣሉ፤ ገዢውም ርቀትን ከችሎታ ጋር ያያይዛል። በእኔ እምነት በትንሽ ውኃ የሚያጠምድ ሰው ርቀት ከሚሰጥ ዘንግ ይልቅ በቅርብ በልስላሴ የሚያሳርፍ ዘንግ ቢገዛ ይሻለዋል። ገንዘቡም ይቆጠብለታል።

አሁን ወደ ካያኩ። ካያክ የአርክቲክ ሕዝቦች፣ የኢኑዊትና የአሊውት ሰዎች፣ ከእንጨትና ከዓሣ ነባሪ አጥንት አጽም ሠርተው የባሕር አውሬ ቆዳ አልብሰው ለአደን የሠሩት ጀልባ ነው። የእኔ ፕላስቲክ ነው፤ 3 ሜትር ርዝመትና 20 ኪሎ ገደማ ክብደት አለው፤ ብቻዬን መኪና ላይ እሰቅለዋለሁ። ባሕር ዳር ላደገ ሰው ውኃ ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥ እንግዳ ነገር አይደለም። ከደንገል የታሰረችው ታንኳ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ቀርከሃቸውን ግራና ቀኝ እየነከሩ ከጣና ማዶ ሲመጡ እያየሁ ነው ያደግሁት። ያኔ ታንኳ ለእኔ የእንጨት ጭነትና የዓሣ መረብ ማመላለሻ ነበረች፤ ለደስታ ውኃ ላይ መቀመጥ የሚባል ነገር ያወቅሁት እዚህ መጥቼ ነው።

ከካያክ ላይ ፍላይ መወርወር ከየብስ ላይ እንደመወርወር አይደለም። ቆሞ የሚወረውር ሰው እጁ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል። ካያክ ላይ ከውኃው የሚለየን ከዚያ ግማሽ ያህል ቁመት ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚሄደው ክር ዝቅ ይልና ውኃውን ይመታል፤ ውኃውን ከመታ ደግሞ የወደ ፊቱ ውርወራ ይበላሻል፣ ዓሣውም ይሸሻል። መፍትሔውን ያገኘሁት ከእኛ ጎረቤት፣ ከፍሬድሪክ ከተማ ከወጣው ከሌፍቲ ክሬህ ትምህርት ነው። ክሬህ እ.ኤ.አ. በ1925 ተወልዶ በ2018 ያረፈ፣ በአሜሪካ ፍላይ መወርወርን ለተራው ሰው ካስተማሩት ሁሉ የታወቀ ሰው ነው፤ በ1991 አሜሪካ እሱ የሠራውን ዝንብ በቴምብር ላይ አትማለች። ከትምህርቱ አንዱ፣ ክሩ የሚሄደው የዘንጉ ጫፍ ፈጥኖ ድንገት በቆመበት አቅጣጫ ነው የሚለው ነው። ስለዚህ ካያክ ላይ ወደ ኋላ ስወረውር ዘንጉን ወደ ላይ አቅንቼ ድንገት አቆመዋለሁ፤ ክሩም ከኋላዬ ሽቅብ ይወጣል። ቁጥር 3 ክር ቀላል ስለሆነ ለመውደቅም አይቸኩልም።

መጻሕፍት ለካያክ ረጅም ዘንግ፣ 9 ጫማ፣ ይመክራሉ፤ ረጅሙ ክሩን ከውኃው ከፍ ያደርግልናልና ምክሩ ትክክል ነው። ሰፊ ሐይቅ ላይ ብቻ የሚያጠምድ ሰው 9 ጫማ ቁጥር 4 ወይም 5 ቢይዝ ጥሩ ነው። እኔ አጭሩን የመረጥኩት በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በጠባብ ሰርጥ ውስጥ ከላይ ቅርንጫፍ አለ። ሁለተኛ፣ ተቀምጦ ዓሣ ወደ እጅ ማምጣት ይከብዳል። ዘንጉ ከረዘመ ዓሣው ከዘንጉ ጫፍ ሥር ርቆ ይቀራል፤ ሰውም ለመድረስ ሲል ዘንጉን ሽቅብ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። የካርቦን ዘንግ ጫፉ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ሲሆን ነው። ዘንጉን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ዘርግቶ ዓሣውን ከጎን ማንሸራተት ይሻላል፤ በአጭር ዘንግ ይህ ይቀላል።

ሌላው ጣጣ ክሩ ነው። እየተሳበ የሚመጣው ክር ጭን ላይ ይከመራል። ካያክ ውስጥ ደግሞ ክር የማይዘው ነገር የለም፤ የጫማ ማሰሪያ፣ ዘለበት፣ የመቅዘፊያ ጫፍ፣ የውኃ ኮዳ። እኔ ከጭኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ እርጥብ ፎጣ አነጥፋለሁ፤ ማሰሪያ ያለው ጫማም አላደርግም። ነፋስ ሲነሳ ካያኩ ፊቱን ስለሚያዞር 1 ኪሎ ተኩል የምትመዝን መልሕቅ አለችኝ፤ የምጥላትም ጸጥ ባለ ኩሬ ብቻ ነው። በሚፈስ ወንዝ ላይ ከካያክ መልሕቅ መጣል ሊያሰምጥ ይችላል። መንሳፈፊያ ጃኬቱን ደግሞ ከመኪናው ሳልርቅ ነው የምለብሰው። የሜሪላንድ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በትንንሽ ጀልባዎች ላይ ጃኬቱን ለብሶ እንዲቀመጥ ያስገድዳል፤ የ11 ዓመቷን ልጄን ስይዛት እኔም ስለብስ ማየቷ ከሕጉ ይበልጥ ያስተምራታል። ነጎድጓድ ከተሰማ ያለ ክርክር ከውኃ እንወጣለን። በተለይ ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በመብረቅ ሰዓት ከፍ አድርጎ የሚያዝ ነገር አይደለም።

ቀላል ዘንግ የማይችለው ነገር አለ፤ ይህን መሸፈን አልፈልግም። ጠንካራ ነፋስ ሲነፍስ ቁጥር 3 ክር የትም አይደርስም። ትልቅ ዝንብ አይሸከምም። ላርጅማውዝ ባስ የሚባለው ትልቅ አፍ ያለው አዳኝ ዓሣ እዚያው ኩሬ ውስጥ አለ፤ አንዳንድ ጊዜ ለብሉጊል የተጣለችውን ፖፐር ይውጣል። ያኔ ካያኩ ራሱ ይጎተታል፤ ደስታው ልዩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ባስን አውቄ በዚህ ዘንግ አላጠምድም። 10 ዲግሪ የሆነ ውኃ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል፤ 30 ዲግሪ ሲሆን ከ8 በታች ይወርዳል። በቀላል ዘንግ ረጅም ጊዜ የታገለ ትልቅ ዓሣ በዚያ ሙቅ ውኃ ውስጥ ትንፋሹ አይመለስለትም፤ ዋኝቶ ቢሄድም በኋላ ሊሞት ይችላል። ለእሱ ትልቁ ዘንግ ከጋራዥ ይወጣል፤ ቶሎ ይዞ ቶሎ ለመልቀቅ።

ስለ መልቀቅ ካነሳሁ፣ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ አባት አሉ። ከዝዋይ አካባቢ ናቸው፤ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ያለ እሳቸው የሚያውቅ የለም።

«ልጄ፣ መልሰሽ ልትለቂው ለምን ታሠቃዪዋለሽ?» አሉኝ አንድ እሑድ።

«ጋሼ፣ ሁሉን አልለቅም። የምበላውን ይዤ እገባለሁ፤ ትልልቆቹን ነው የምለቀው።»

«እንዴ! ሰው ትልቁን ለቆ ትንሹን ይበላል?»

ጥያቄያቸው ትልቅ ጥያቄ ነው፤ በአግባቡ መመለስ ይገባዋል። ብሉጊል ቶሎ ይራባል፤ ብዙ ከሆነ ምግቡ ስለማይበቃው ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። ስለዚህ ከኩሬ የተወሰኑትን ማውጣት አይጎዳም፤ ይጠቅማል። ግን የትኞቹን? ጎጆ የሚሠሩትና እንቁላሉን የሚጠብቁት ትልልቆቹ ወንዶች ናቸው። እንቁላሉን በክንፋቸው እያራገቡ፣ ሌባ እያባረሩ ቀን ከሌት ይቆማሉ። ጎጆ ሳይሠሩ ሾልከው ገብተው የሚያዳቅሉ ትንንሽ ወንዶችም አሉ። ትልልቆቹ ሲለቀሙ ወጣቶቹ ወንዶች የሚፎካከራቸው ስለሌለ ገና ሳያድጉ ለመራባት ይደርሳሉ፤ ለዕድገት የሚሆነው ጉልበት ለመራባት ይውላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኩሬው ትልቅ ዓሣ አይኖረውም። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያው አውራውን አትንኪ ማለት ነዋ» አሉኝ። ልክ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ጎጆ ላይ የቆመውን ብርቱካናማ ደረት ወዲያው እለቃለሁ፤ እንዲያውም ሰፈሩን ብዙ አልረብሽም፣ ከዳር አንድ ሁለት ይዤ እሄዳለሁ። የምበላው መካከለኛውን፣ 15 ወይም 16 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን፣ ከሐይቁ ነው። ከጎርፍ ማጠራቀሚያ ኩሬ የተያዘ ዓሣ አልበላም፤ የመንገድና የሣር መድኃኒት ሁሉ የሚወርደው እዚያ ነው። የሜሪላንድ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከየትኛው ውኃ የትኛው ዓሣ ምን ያህል መበላት እንዳለበት መመሪያ ያወጣል፤ አየዋለሁ። ቅርፊቱን ፍቄ፣ ጎንና ጎኑን በቢላ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጌ፣ ጨውና ሎሚ አሽቼ፣ ዱቄት ላይ አገላብጬ እስኪደርቅ እጠብሰዋለሁ። በሚጥሚጣ ሲበላ አጥንቱ ሁሉ ይረሳል።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው፣ ካያኩ ይቆየው። ከ16 ዓመት ጀምሮ በሜሪላንድ የማጥመድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያንን ማውጣት፣ ከዚያ አንድ ቁጥር 3 ወይም 4 ዘንግ ከተንሳፋፊ ክር ጋር መግዛት። ማጠንጠኛው ውድ መሆን የለበትም፤ ለብሉጊል ክር ማስቀመጫ ከመሆን ያለፈ ሥራ የለውም። ጥቂት ፖፐርና ጥቂት ጥቋቁር ሰማጭ ዝንቦች ይበቃሉ። ሣር ላይ፣ በመንጠቆው ፋንታ ቁራጭ የሱፍ ክር አስሮ መለማመድ ጥሩ ነው። ልጄ የተማረችው እንደዚያ ነው፤ ትከሻዋ ሳይደክም ብዙ ስለምትወረውር ቀላሉ ዘንግ ለልጅ ክንድ መልካም አስተማሪ ሆኗል።

ይኸው ብሉጊል ግን ከአገሩ ሲወጣ ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1960 የጃፓኑ አልጋ ወራሽ አኪሂቶ አሜሪካን ሲጎበኝ የቺካጎ ከንቲባ ብሉጊል አበረከቱለት። ዓሣውን ለምግብ ይሆናል ብሎ ወደ አገሩ ወሰደው፤ ከጊዜ በኋላ ግን በየሐይቁ ተሰራጭቶ የአገሬውን ዓሣ ጎዳ። በ2007፣ ያኔ ንጉሠ ነገሥት የነበረው አኪሂቶ በአደባባይ ማዘኑን ተናግሯል። እዚህ የማከብረው ዓሣ እዚያ ጥፋት ሆነ። ወደ እኛ አገርም ከኬንያ የመጣ እንግዳ ዓሣ አለ፤ ባሌ ተራሮች ውስጥ፣ ዲንሾ አካባቢ በሚፈሰው ዌብ ወንዝና በሌሎች ቀዝቃዛ ጅረቶች የተለቀቀው ትራውት። ውኃው ከ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ ጠባብና ንጹሕ ነው፤ ለቁጥር 3 ዘንግ የሚመች። ከወንድሜ ጋር በሚቀጥለው ጊዜ ወደ አገር ስንሄድ እዚያ ልንወጣ ተስማምተናል። ፈቃዱን ከፓርኩ መሥሪያ ቤት ጠይቀን፣ መሪ ይዘን ነው የምንገባው። እንግዳ ነገር በጫማም ይጓዛል፤ ሜሪላንድ በ2011 የሱፍ ሶል ያለው የወንዝ ጫማ የከለከለችው ጎጂ አልጌ ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ይሸከማል በማለት ነው። እኔም ከመሄዴ በፊት ጫማዬን፣ መረቤንና ክሬን በሙቅ ውኃ አጥቤ ፀሐይ ላይ ድርቅ እስኪሉ አሰጣቸዋለሁ። ከሊትል ሴኔካ ወደ ዌብ አንዲት ጠብታ ጭቃ እንኳ ይዤ መሄድ አልፈልግም።